መርዙ ከሰውነቷ ወጣ፤ ከዚያስ? ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ

ጥያቄ፦ «በአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በቅርቡ አንዲት ወጣት ፀረ ተባይ ጠጥታ መጣች። ታክማ ተረፈች። እናቷ ‹ተሳስታ ነው የጠጣችው› አሉ። ልጅቷ ዝም አለች። ሐኪሙ ፈርሞ ሸኛት። እኔ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሆስፒታላችን ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) የለውም። አንድ የሳይካትሪ ነርስ አለ፤ እሱም ማታና ቅዳሜ፣ እሑድ አይገኝም። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ምን ብለን እንጠይቅ? ብንጠይቅስ ያላሰበውን አናስታውሰውም ወይ? ማንን እናቆይ፣ ማንን እንሸኝ? አልጋ ላይ ማሰርስ ትክክል ነው?»

መልስ፦ ሲስተር፣ ከአእምሮዎ ያልወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ፀረ ተባይ የጠጣን ሰው በውስን መድኃኒትና በውስን መሣሪያ ማትረፍ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሠርታችሁታል። ግን ሥራው እዚያ አያልቅም። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ መናገር ስትችል ሁለተኛው ግማሽ ይጀምራል። ብዙ ድንገተኛ ክፍሎቻችን ልክ እዚያ ሲደርሱ አልጋውን ለሌላ ታካሚ ማዘጋጀት ይጀምራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት መካከል ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። አንድ ሰው ወደፊት አደጋ ላይ መሆኑን ከሚያሳዩ ምልክቶች ትልቁ ደግሞ ከዚህ በፊት መሞከሩ ነው። ስለዚህ ከሞት የተረፈ ሰው አልጋችሁ ላይ ሲተኛ፣ በአካባቢያችሁ ካሉት ሰዎች ሁሉ ጥበቃ በጣም የሚያስፈልገው ሰው እጃችሁ ገብቷል ማለት ነው። ተስፋ የሚሰጠውም ነገር እዚሁ አለ። ሞክረው ከተረፉ ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ወደፊት በራሳቸው እጅ አይሞቱም። የመሞት ፍላጎት ይመጣል፣ ይሄዳል። የእኛ ሥራ ሰውየውን ያንን ሰዓት ማሻገር ነው።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄዎን ላስቀድም።

መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም። ይህ ጉዳይ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ስለ ራስ ማጥፋት በግልጽ የተጠየቁ ሰዎች ካልተጠየቁት የባሰ ሐሳብ አልመጣባቸውም። ብዙዎቹ እንዲያውም ይቀልላቸዋል። ለሳምንታት ለማንም ያልተነገረ ነገር ነው። አንድ ሰው ረጋ ብሎ፣ ሳይደነግጥ፣ በስሙ ጠርቶ ሲጠይቃቸው እንባቸው ይመጣል፤ ከእንባው በኋላ ወሬው ይመጣል።

የሚጎዳው መጥፎ አጠያየቅ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር አታስቢም አይደል?» ብለን ስንጠይቅ መልሱን ራሳችን ሰጥተናታል። «አላስብም» ትላለች። «እናትሽን እንኳ አታስቢላትም?» ስንል ደግሞ ወቀስናት እንጂ አልጠየቅናትም። ከተወቀሰ ሰው እውነት አይገኝም።

ቀለል ካለው ወደ ከበደው ይሂዱ። «ሰሞኑን ነገሩ ሁሉ ከብዶሽ ነበር?» «ተኝቼ በዚያው በቀረሁ ያልሽበት ጊዜ አለ?» «ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» «ዛሬ የጠጣሽው ለመሞት ብለሽ ነው?» «አሁን፣ እዚህ ሆነሽ፣ ሐሳቡ አለ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳይዘሏት አደራ። ለድንገተኛ ክፍል ተብለው የተዘጋጁ አጫጭር መጠይቆችም አሉ። በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም የተሠራው ኤኤስኪው የሚባለው 4 ጥያቄ ብቻ ነው። ከአራቱ ለአንዱ እንኳ «አዎ» የሚል መልስ ከተሰጠ አምስተኛ ይጨመራል፤ እሱም ሐሳቡ አሁን መኖሩን ይጠይቃል። ሁሉም አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜ የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ አይሠራም።

አንድ ነገር ግን ይቅደም፦ አስታማሚው ይውጣ። እናት አልጋው ራስጌ ቆመው፣ አጎት በር ላይ ሆኖ፣ ልጅቷ ምን ትበል? «እስኪ ካርድ ክፍል ደርሰው ይምጡ» ይበሏቸው። መድኃኒት እንዲገዙ ይላኳቸው። ወይም ልጅቷን ለምርመራ ይዘው ሲወጡ መንገድ ላይ ይጠይቋት። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ መጋረጃ ይሳቡ፣ ወንበር ያቅርቡ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ። ቆሞ መጠየቅና ተቀምጦ መጠየቅ የተለያየ መልስ ያመጣሉ። ቤተሰቡንም ቢሆን ለብቻ ያነጋግሩ። ልጅቷ የማትነግርዎትን እነሱ ያውቃሉ፤ እነሱ የማይነግሩዎትን ደግሞ ልጅቷ ታውቃለች።

ስለ «ተሳስታ ነው» ልናገር። እናትየዋን አትፍረዱባቸው። ፖሊስ ይመጣብናል ብለው ይፈራሉ። ሰፈር ይሰማል። ልጄን ማን ያገባታል ይላሉ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት ይከለከላል የሚለው ነገር ከልጅነት ጀምሮ የተሰማ ነው፤ በሙስሊሙም ቤት ኀፍረቱና ፍርሃቱ ያንኑ ያህል ከባድ ነው። ስለዚህ አፋቸው ላይ ቀድሞ የሚመጣው «ስሕተት ነው» የሚለው ነው። አይከራከሯቸው። ይልቅ ፍርሃቱን ያቅልሉላቸው። በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራስን ለማጥፋት መሞከር ወንጀል አይደለም። አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው። ይህን በቀላል ቋንቋ ይንገሯቸው። «ልጅዎን ማንም አያስራትም፤ እኛም የጠየቅነው እንድንረዳት ነው» ማለት ብቻ ብዙ በር ይከፍታል። ልጅቷ ለብቻዋ ሳትጠየቅ ግን ቻርቱ ላይ «በድንገት የተፈጠረ መመረዝ» ብላችሁ አትጻፉ። አንዴ እንደዚያ ከተጻፈ ቀጣዩ ተረኛ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ደግሞ መርዝ ጠጥቶ የመጣውን ብቻ አይጠብቁ። ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ እንቅልፍ ማጣት ብሎ የሚመጣ አለ። ሰክሮ ወድቆ የመጣ አለ። በቅርቡ የወለደች እናት አለች። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ተመልሳ ከሰው ጋር መነጋገር ያቃታት ልጅ አለች። በአሜሪካ 8 ድንገተኛ ክፍሎች ውስጥ በተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት፣ የመጣው ሁሉ በምንም ሕመም ይምጣ እንዲጠየቅ ሲደረግ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ የተገኘባቸው ከ2.9 በመቶ ወደ 5.7 በመቶ ከፍ ብለዋል። እጥፍ ማለት ነው። ሰዎቹ ድሮም እዚያው ነበሩ፤ የጠየቃቸው አልነበረም። እናንተ ሁሉንም መጠየቅ ባትችሉ እንኳ የተመረዘውን፣ ራሱን የቆረጠውን፣ የሰከረውንና የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሁሉ ጠይቁ።

አሁን ወደ ግምገማው። እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። ብዙ ቦታ ነጥብ የሚደመርበት ቅጽ ይሞላል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ያገባ ያላገባ፣ ይጠጣል አይጠጣም ይባልና ድምሩ ሲያንስ «አደጋው ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ይህ አሠራር ይብቃ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ማን ወደፊት ራሱን እንደሚያጠፋ ለመተንበይም ሆነ ማን ሕክምና ይሰጠው፣ ማን ይሸኝ ለማለት እንዲህ ያሉ የነጥብ ቅጾችን አትጠቀሙ ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ራሳቸውን ካጠፉት ግማሽ ያህሉ ቀድሞ «ዝቅተኛ» የተባሉት ናቸው። «ከፍተኛ» ከተባሉትም አብዛኞቹ ራሳቸውን አያጠፉም። ቅጹ የሚያሳርፈው እኛን ነው፤ ታካሚውን አይጠብቀውም።

እኔ የምለው፣ መገመቱን እንተወውና እያንዳንዱን ሰው እንረዳው፤ ለእያንዳንዱም ጥበቃ እናብጅለት። ትናንት ጠዋት ከተነሳች ጀምሮ የሆነውን በቅደም ተከተል ትንገራችሁ። ምን ተፈጠረ? ማን ምን አላት? ስትጠጣ ቤት ውስጥ ማን ነበር? ተደብቃ ነው ወይስ ሰው ይደርስብኛል ብላ? ከጠጣች በኋላ ለማን ነገረች? ቀድማ አስባበት ነበር ወይስ በአንድ ጠብ መሐል የመጣ ነው? ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራውን ጠይቁ፦ «በመትረፍሽ ምን ተሰማሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትል አለች። «ለምን አዳናችሁኝ?» የምትል አለች። ዝም ብላ ግድግዳ የምታይም አለች። ከሦስቱ የኋለኞቹ ሁለቱ ዛሬ ወደ ቤት አይሄዱም።

በጠጣችው መጠን ፍላጎቷን አትለኩ። በገጠር ቤት አልጋ ሥር ያለው ፀረ ተባይ ነው። ለደቂቃ የተናደደች ልጅ የምታገኘው እሱን ነው፤ መሞት ባትፈልግም ሊገድላት ይችላል። በሌላ በኩል ጥቂት ክኒን ውጣ የመጣች ልጅ ያ በቂ ነው ብላ አምና ከልቧ ለመሞት ተነስታ ሊሆን ይችላል። «ይቺማ ትኩረት ፈልጋ ነው» የሚለውን ቃል ከክፍላችሁ አስወጡት። ሆዷን ማጠብን እንደ ቅጣት የሚያይ፣ «ሁለተኛ ይለምድሻል?» የሚል ሰው ካለ ከአልጋዋ አርቁት። ተሰድባ የወጣች ልጅ ሐሳቡ ሲመለስባት ወደ እናንተ አትመለስም።

ዝምታውንም በጥንቃቄ እዩት። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ቤተሰብ ፊት ዝም ስትል፣ ያለ ፈቃድ የተቆረጠ ጋብቻ፣ መደፈር፣ ያልተፈለገ እርግዝና፣ ድብደባ ከኋላው ሊኖር ይችላል። የእርግዝና ምርመራ ይደረግላት። «ቤት ስትመለሺ የምትፈሪው ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ለዚያ ሰው አስረክባችሁ አትሸኟት። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ሕክምናውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው አንዱ ነው። በአቅራቢያችሁ ያለው የት እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ።

ድብርት፣ ከእውነታ መራቅ፣ መጠጥና ጫት መጠየቃቸው አይቀርም። በተለይ «ራስህን ግደል» የሚል ድምፅ የሚሰማ ሰው ካለ ለአንዲት ደቂቃም ብቻውን አይተው። ሰክሮ የመጣ ሰው ስካሩ ሲለቀው እንደገና ይጠየቃል። ሰክሮ የተናገረው ውሸት ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ሰክሮም አይሸኝም።

አሁን ጥበቃው። ዶክተር በሌለበት ማታ እንኳ ማድረግ የምትችሉት ይህ ነው። አልጋዋ ከነርሶች ጠረጴዛ በቀጥታ የሚታይ ይሁን። ኮሪደር ጥግ፣ መውጫ በር አጠገብ፣ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ መስኮት ሥር አይሁን። ከመተኛቷ በፊት ቦርሳዋንና ኪሷን በአክብሮት፣ እያስረዳችሁ፣ ሴት ከሆነች በሴት ሠራተኛ እዩ። ይዛው የመጣችው መድኃኒት አለ ወይ? የመድኃኒት ጋሪው፣ ስለት ያላቸው ዕቃዎች፣ የጽዳት ኬሚካል በእጇ ከሚደረስበት ይራቁ። የጽዳት ሠራተኞቹ ባልዲያቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ማንም የማያስበው ነው፤ ንገሯቸው። መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ሰው ይከተላት፤ በሩ ከውስጥ አይቆለፍ።

ከሁሉም በላይ ሰው ይኑር። ሳይካትሪስት ባይኖር፣ የተለየ ክፍል ባይኖር፣ ዓይኑን ከእሷ የማያነሳ አንድ ሰው ካለ አብዛኛው አደጋ ይቀራል። በእኛ አገር ይህ ሥራ በዝምታ ለአስታማሚ ይተዋል። አስታማሚ ትልቅ ሀብት ነው፤ ብዙ ሀብታም አገሮች የሌላቸው ነው። ግን ሁለት ሌሊት ያልተኛ አባት ሦስተኛው ሌሊት ላይ ያንቀላፋል። መድኃኒት ቤት ሲላክ አልጋው ያለ ጠባቂ ይቀራል። ደግሞም አንዳንዴ ልጅቷን ለዚህ ያደረሳት ራሱ አስታማሚው ነው። ስለዚህ ማን እንደሚቀመጥ እናንተ ምረጡ። ልጅቷንም «ማን አጠገብሽ ቢሆን ደስ ይልሻል?» በሏት። የተመረጠውን ሰው ለብቻ አቁማችሁ በግልጽ ንገሩት፦ ለምን እንደተቀመጠ፣ ለውኃ እንኳ ሲነሳ መጀመሪያ ለነርስ መንገር እንዳለበት፣ ሲደክመው ማን እንደሚተካው። የነርስ ክትትል ግን ከዚያ በተጨማሪ ይቀጥላል። አስታማሚ ስላለ ነርስ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

የፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የወጣው አስረከብኩ ይላል፣ የገባው ገና ካርድ እያየ ነው። ርክክቡ አልጋው አጠገብ ሄዶ፣ ፊት ለፊት ይሁን። «አልጋ 4፣ የመድኃኒት መመረዝ፣ ደህና ናት» አይበቃም። «ራሷን ለማጥፋት ሞክራለች፣ ማታ ሐሳቡ ነበራት፣ እህቷ አጠገቧ አለች፣ ብቻዋን አትተው» መባል አለበት። ድንገት ፊቷ ፈክቶ፣ ተረጋግታ፣ «አሁን ሁሉም አልፏል፣ ልሂድ» ስትልም ጥበቃውን አታንሱ። እውነት ሊሆን ይችላል። ውሳኔ የወሰነ ሰው እርጋታም ሊሆን ይችላል። ተቀምጣችሁ እንደገና ጠይቋት።

ስለ ማሰር። አጭር መልሴ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ስላለ ብቻ ሰው አይታሰርም። ማሰር ሕክምና አይደለም። የሠራተኛ እጥረት መሸፈኛም መሆን የለበትም። ታስሮ ያደረ ሰው ሆስፒታልን ሁለተኛ አያምንም። መጀመሪያ ሌላው ሁሉ ይሞከር፦ ረጋ ያለ ወሬ፣ ውኃ፣ ምግብ፣ ሕመም ካለ ማስታገሻ፣ የምትወደውን ሰው መጥራት፣ ጩኸት የሌለበት ጥግ። ያ ሁሉ አልሠራ ብሎ፣ በዚያችው ሰዓት ራሷን ወይም ሌላን ልትጎዳ ከሆነ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ ለአጭር ጊዜ ይደረግ። በደረቷ አትተኛ። በየ15 ደቂቃው ትንፋሿ፣ የእጅና የእግሯ ደም ዝውውር ይታይ፤ ውኃና መጸዳጃ ይጠየቅላት። ምክንያቱና ሰዓቱ ይጻፍ። እንደቻላችሁ ፈጥናችሁ ፍቱ። ሰንሰለትና ካቴና በምንም ሁኔታ አይነካም። የሚያረጋጋ መርፌ ሲሰጥም የጠጣችው ምን እንደሆነ አትርሱ፤ ትንፋሽን ከሚያዳክም ነገር ጋር ከተደመረ ያዳናችኋትን ልጅ መልሳችሁ አደጋ ላይ ትጥሏታላችሁ። ለጥበቃ ሠራተኞቻችሁም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በራፍ ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። እንዴት ሳይጮሁ፣ ሳይጎትቱ እንደሚመልሱ ከተማሩ ብዙ ጉልበት ይቀራል።

ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ? ዛሬም መሞት የምትፈልግ፣ በመትረፏ የተቆጨች፣ ድምፅ የሚሰማት፣ ቤቷ ውስጥ የሚጎዳት ሰው ያለባት፣ ወይም አብሯት የሚሆን አንድም ሰው የሌላት ትቆይ። የውስጥ ደዌ ክፍል አልጋ ላይም ቢሆን ትቆይ። ከዚያ ሪፈር ይደረግ። አማኑኤል ልዩ የአእምሮ ሆስፒታል፣ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የሪፈር ወረቀት አስይዞ ብቻዋን በአውቶቡስ መላክ ግን ሪፈር አይባልም። ቀድማችሁ ደውሉ፣ የሚቀበላትን ሰው ስም ያዙ፣ አብሯት የሚሄድ ሰው ይኑር። ቤተሰቡ «ፈርመን እንወስዳታለን» ሲል ወረቀት አቅርቦ ማስፈረም ለሆስፒታሉ ዋስትና ይሆን ይሆናል እንጂ ለልጅቷ አይሆንም። ተቀምጣችሁ አስረዱ፣ ኃላፊ ጥሩ፣ አንድ ሌሊት ለምኑ። ወደ ጸበል እንወስዳታለን ካሉም ጸበሉን አትቃወሙ፤ መድኃኒቱንና ቀጠሮውን አብራ እንድትይዝ፣ አጠገቧም ሰው እንዳይጠፋ ተስማሙ።

የምትሄደዋ ደግሞ ባዶ እጇን አትሂድ። ስታንሊና ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያዘጋጁት የደኅንነት ዕቅድ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ 9 የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ይህ ዕቅድ የተሠራላቸውና በኋላ ስልክ የተደወለላቸው ሰዎች፣ በሚቀጥሉት 6 ወራት ራስን ወደ ማጥፋት የሚያመራ ድርጊታቸው በተለመደው መንገድ ከታዩት 45 በመቶ ያነሰ ነበር። ውድ ነገር አይደለም። አንድ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ነው። ሐሳቡ ሊመጣ ሲል ምን ምልክት ታያለች? ብቻዋን ሆና ምን ያረጋጋታል፣ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ፀጉር መሠራት፣ መንገድ መሄድ? ከማን ጋር ብትሆን ትረሳዋለች፣ የት ቤት ቡና ልትጠጣ ትችላለች? ለማን ጉዳዩን ገልጣ መንገር ትችላለች? የትኛው ጤና ተቋም ትሂድ? መጨረሻው ቤት ውስጥ ያለውን አደገኛ ነገር ማራቅ ነው። መልሱ ከእሷ አፍ ይውጣ እንጂ እናንተ አትሙሉላት። ማንበብ ካልቻለች በስልኳ ድምፅ ይቀዳ፣ እህቷ ትያዘው። የንስሐ አባት ወይም ሼኽ ስም ከጠራች ደግ ነው፤ ሰምተው የሚያጽናኑ መሆናቸውን ግን ጠይቋት።

«ማርያምን፣ ሁለተኛ አላደርግም በይ» ማለት ግን ዕቅድ አይደለም። ማስማል ማንንም እንደሚጠብቅ አልታየም። ሐሳቡ ሲመለስባት መሐላዋን አፍርሳለችና አፍራ ትደብቀዋለች። «ሐሳቡ ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስ ይህን አድርጊ» ማለት ከመሐላ ይሻላል።

ፀረ ተባዩን አሁን እንያዘው፤ በገጠራችን ትልቁ ጉዳይ ነውና። «የፈለገ ሰው ሌላ መንገድ አያጣም» ይባላል። ስሪላንካ ይህን ውድቅ አድርጋዋለች። በጣም ገዳይ የሆኑ ፀረ ተባዮችን ደረጃ በደረጃ ከልክላ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በኋላ ባሉት 20 ዓመታት ራሱን የሚያጠፋ ሰው ቁጥር በ70 በመቶ ገደማ ወረደ። እርሻውም አልተጎዳም። ያ በመንግሥት ደረጃ ነው። እናንተ የምትችሉት አባትየውን ጠርታችሁ «ጠርሙሱ አሁን የት ነው?» ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያው የነበረበት ቦታ ነው ያለው። ልጅቷ ቤት ከመግባቷ በፊት ይውጣ፤ ለማሳ የግድ ከሆነ ከቤት ውጭ ተቆልፎ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋር ይሁን። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውላችሁ ሄዳ እንድታይ አድርጉ። ለድብርት መድኃኒት ከታዘዘላትም ከሳምንት በላይ የሚበቃ አይሰጣት፤ ይዞ የሚሰጣት ሰው ይኑር። በብዛት ቢወሰድ ከቆዩት መድኃኒቶች ያነሰ ጉዳት የሚያደርስ፣ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ፣ ካለ ሐኪሙ እሱን ያስቀድም።

ይህን ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራሳችሁ እያነበባችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ አሁኑኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ማታም ክፍት ነው። መንቀሳቀስ ካቃታችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ብቻችሁን አትሁኑ። ዛሬ የማይቻል የመሰለው ነገር ታክሞ የሚቀል ነው።

ሲስተር፣ ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ከሁሉ በላይ የማምንበትን ነው። ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባዶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና 8 ድንገተኛ ክፍሎች ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የመጡ 1,867 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አካሂዶ ነበር፤ ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ወጣ። ግማሾቹ የተለመደው ሕክምና ብቻ ተሰጣቸው። ግማሾቹ በተጨማሪ ከመውጣታቸው በፊት የአንድ ሰዓት ምክር አገኙ፤ ከዚያ በ18 ወር ውስጥ 9 ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ተጠየቁ። በመጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 2.2 በመቶ ራሳቸውን አጥፍተው ነበር፤ ከሁለተኞቹ 0.2 በመቶ። አገሮቹ እንደ እኛ ሳይካትሪስት የሚያጥራቸው ናቸው። የሚደውለውም ሳይካትሪስት መሆን አልነበረበትም፤ ነርስ ይበቃ ነበር።

ይህን ነገ መጀመር ትችላላችሁ። አንድ መዝገብ ክፈቱ፤ ተቆልፎ ይቀመጥ። ስሟ፣ የእሷ ስልክ፣ የምታምነው ሰው ስልክ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ። ለመደወል ፈቃዷን ጠይቁ። ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን እንድትሉ እንደምትፈልግም ጠይቁ፤ «ከጤና ጣቢያ ነው፣ ለቀጠሮ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይበቃል። በጥናቱ የተደወለው በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ወር ነው። ሁሉንም ባትችሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አትዝለሉ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሳይካትሪ ነርሱ ጋር በ7 ቀን ውስጥ ይሁን፤ የሚገባበትን ቀን ስለምታውቁ በዚያ ቁረጡላት። ስልኩ ላይ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። እንዴት ሰነበትሽ፣ እንቅልፍ አለ ወይ፣ ሐሳቡ ተመልሶ ነበር ወይ፣ መድኃኒቱ አላለቀም ወይ። ካላነሳች በዚያው ቀን ሁለተኛው ቁጥር ላይ ደውሉ፤ እሱም ካልሠራ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ትሂድ። የሸኛችኋትንም ልጅ አድራሻ ከካርድ ክፍል አውጡና በዚሁ ሳምንት ፈልጓት። መዝገቡ ላይ የመጀመሪያዋ እሷ ትሁን።